የመኪናው ቴፕ ይነቀል ወይስ ይቆይ?

መኪና የያዘ ሰው ሙዚቃ ወዳጅ ከሆነ ውሎ አድሮ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ከፋብሪካ የመጣው ቴፕ ይቆይ ወይስ ወጥቶ በሌላ ይተካ? የሶማሌ ተራ ነጋዴ፣ የሠፈር ኤሌክትሪሺያን፣ መኪና አስመጪው፣ ጓደኛ፣ ሁሉም መልስ አላቸው፤ መልሳቸው ግን አይገጥምም። አንዱ «ኦርጅናሉን እንዳትነካ» ሲል ሌላው «ኦርጅናሉ ለስሙ ነው፣ አውጣና ጣለው» ይላል። ሁለቱም ከሚያውቁት መኪና ተነስተው ነው የሚናገሩት፤ በዚያ መኪና ላይ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ችግሩ የአንዱ ዘመን መልስ ለሌላው ዘመን መኪና ሲሰጥ ነው።

የዚህ ዳሰሳ አቋም ግልጽ ነው። በዘመናዊ መኪና ላይ የቴፑን ቦታ የያዘውን ስክሪን መንቀል የመጨረሻው እርምጃ እንጂ የመጀመሪያው ሊሆን አይገባም። ድምፅ የሚበላሸውም የሚስተካከለውም በአብዛኛው በሩ ውስጥ ነው፤ ገንዘብም ቀድሞ መዋል ያለበት እዚያ ነው። ይህ ለምን እንደሆነ ለማየት ታሪኩን፣ የኤሌክትሪኩን ሂሳብና የዛሬውን መኪና አሠራር አብረን መመልከት አለብን። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፋብሪካው ዘግይቶ የመጣ ነው

የመኪና ሬዲዮን መጀመሪያ ያስፋፉት የመኪና ፋብሪካዎች አልነበሩም። በ1930 ፖልና ጆሴፍ ጋልቪን የተባሉ ወንድማማቾች ቺካጎ ባለው ድርጅታቸው በተለያዩ መኪኖች ላይ ሊገጠም የሚችል ሬዲዮ ሠርተው «ሞቶሮላ» ብለው ሰየሙት፤ ድርጅቱም ኋላ በዚሁ ስም ታወቀ። አዲስ ፎርድ በ500 ዶላር ገደማ በሚሸጥበት ዘመን የሬዲዮው ዋጋ ከ100 ዶላር ያልፍ ነበር። መግጠሙም ቀላል ሥራ አልነበረም። ዳሽቦርዱ ይከፈታል፣ ጣሪያው ውስጥ አንቴና ይዘረጋል፣ የካንዴላው ብልጭታ በድምፁ ላይ የሚያመጣው ጩኸት መላ ይፈለግለታል። ከሁለት ዓመት በኋላ ብላውፑንክት በጀርመን የራሱን የመኪና ሬዲዮ አወጣ።

ፋብሪካዎቹ ገበያውን ሲያዩ ተከተሉ፤ አንዳንዴም ተሳሳቱ። ክራይስለር በ1956 ሞዴሎቹ ላይ ሸክላ የሚያጫውት መሣሪያ አቀረበ። ሸክላዎቹ በደቂቃ 16⅔ ጊዜ ብቻ የሚዞሩ፣ ለዚያ መሣሪያ ተብለው የታተሙ ስለነበሩ ባለመኪናው ቤቱ ያለውን ሸክላ ይዞ መውጣት አይችልም ነበር። ነገሩ ብዙ ሳይቆይ ቀረ። በዚያው ሞዴል ዓመት ግን ይኸው ኩባንያ ከፊልኮ ጋር ሆኖ ሙሉ በሙሉ በትራንዚስተር የሚሠራ የመኪና ሬዲዮ አቀረበ፤ ይህ እስኪሞቅ የሚጠበቀውን የቱቦ ሬዲዮ ወደ ታሪክ የላከ ሥራ ነው። ፎርድ በ1966 ሞዴሎቹ ባለ ስምንት መስመር ካሴት አስገባ። ከዚያም ፊሊፕስ በ1963 ያወጣው ትንሹ ካሴት ዓለምን ያዘ፤ በ1984 ፓዮኒር የመጀመሪያውን የመኪና ሲዲ ማጫወቻ ለገበያ አቀረበ።

ለውጭ አምራቾች በሩን ወለል አድርጎ የከፈተላቸው ግን አንድ ቀዳዳ ነው። ጀርመኖች በደነገጉትና ኋላ ዓለም አቀፍ መለኪያ በሆነው ደንብ መሠረት የቴፑ ቦታ 180 በ50 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ድርቡም 180 በ100። ቶዮታ ለራሱ 200 ሚሊ ሜትር ስፋት ስለመረጠ በአሮጌ ኮሮላ ላይ ሌላ ቴፕ ሲገጠም ግራና ቀኙ ላይ ማሟያ ፕላስቲክ ይገባል። ቀዳዳው አንድ ዓይነት በመሆኑ ፓዮኒር፣ ኬንዉድ፣ ሶኒና አልፓይን ለማንኛውም መኪና የሚሆን ዕቃ መሥራት ቻሉ። ገጣሚውም በግማሽ ሰዓት አንዱን አውጥቶ ሌላውን ያስገባ ነበር። «አውጣና ጣለው» የሚለው ምክር የተወለደው በዚያ ዘመን ነው፤ ለዚያ ዘመንም ትክክል ነበር።

ፋብሪካው የሚያውቀውና የሚቆጥበው

ፋብሪካው ማንም የማይወስድበት አንድ ብልጫ አለው፤ መኪናውን ያውቀዋል። ጨርቁ ድምፅ ይመጥጣል፣ መስታወቱ ይመልሳል፣ ሹፌሩ ከመሃል ሳይሆን ከአንድ ጎን ይቀመጣል። እነዚህ በአንድ ሞዴል ውስጥ ከመኪና መኪና አይለዋወጡም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ መቀመጫው ላይ ማይክሮፎን አስቀምጠው ለዚያ ሞዴል ብቻ የሚስማማ ማስተካከያ ይሠራሉ። ቦስ ከጄኔራል ሞተርስ ጋር በ1983 ሞዴል የካዲላክ፣ የቢዊክና የኦልድስሞቢል መኪኖች ላይ ያሳየው ይህንን ነው። ከዚያ ወዲህ ማርክ ሌቪንሰን ከሌክሰስ፣ ቡርሜስተር ከፖርሽና ከመርሴዲስ፣ ሜሪዲያን ከላንድ ሮቨር፣ ጄቢኤል ከቶዮታ ጋር ተጣመሩ። በውድ መኪኖች ላይ ያለው የፋብሪካ ድምፅ ዛሬ የሚናቅ አይደለም፤ ከብዙ የውጭ ሥራ ይበልጣል።

የስሞቹ ብዛት ግን ሊያደናግር አይገባም። ጄቢኤል፣ ሃርማን ካርደን፣ ኢንፊኒቲና ማርክ ሌቪንሰን ሁሉም የአንድ ቤት፣ የሃርማን ልጆች ናቸው። ባንግ ኤንድ ኦሉፍሰንም ሆነ ባወርስ ኤንድ ዊልኪንስ መኪና ውስጥ ሲገኙ ሥራው በአብዛኛው የዚሁ ቤት ነው። ሃርማን ራሱ ከ2017 ጀምሮ በሳምሰንግ ሥር ነው። ስለዚህ በስፒከሩ ፍርግርግ ላይ የተለጠፈው ስም ብቻውን ስለ ድምፁ ብዙ አይነግረንም። ዋናው ነገር ፋብሪካው ለዚያ ሞዴል የመደበው በጀት ነው።

አብዛኞቻችን የምንነዳው መኪና ደግሞ ያ በጀት የጠበበበት ነው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር መኪና ለሚያመርት ድርጅት በእያንዳንዱ ስፒከር ላይ የሚቆጠብ ጥቂት ሳንቲምና ጥቂት ግራም ትልቅ ነገር ነው። በተራ ሞዴል በር ውስጥ የሚገኘው ስፒከር ብዙ ጊዜ ስስ የወረቀት ሾጣጣ፣ ትንሽ ማግኔትና የፕላስቲክ ክፈፍ ያለው ነው። ይህ ደካማ ዕቃ እንዳይቀደድ ቴፑ ራሱ ይጠብቀዋል፤ በብዙ መኪኖች ሹፌሩ ድምፅ በጨመረ ቁጥር ውስጡ ያለው ፕሮግራም ቤዙን እየቀነሰ ይሄዳል። ድምፅ ስንጨምር ሙዚቃው እየሳሳ ጆሮ የሚወጋው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ጥፋቱን ቴፑ ላይ ይጥላል፤ ቴፑ ግን ያደረገው ስፒከሩን ማዳን ነው።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዋት

በገበያው ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያሳስት ቁጥር ዋት ነው። የአንድ ተራ ቴፕ ካርቶን ላይ «50 ዋት በ4» የሚል እናገኛለን። ይህ ቁጥር ምን ያህል እውነት እንደሆነ ማንም በቀላሉ ሊያሰላው ይችላል።

ሞተሩ ሲሠራ የመኪናው ኤሌክትሪክ 14.4 ቮልት ገደማ ነው። በቴፑ ውስጥ ያለው ማጉያ ቺፕ ይህን ቮልት ሙሉ በሙሉ፣ በሁለቱም አቅጣጫ እያፈራረቀ፣ ለ4 ኦም ስፒከር ቢሰጠው እንኳ የሚገኘው ንጹሕ ኃይል 26 ዋት አይሞላም። በቺፑ ውስጥ የሚባክነው ሲቀነስ በተግባር የሚቀረው ከ18 እስከ 22 ዋት ነው። 50 የሚባለው ድምፁ ተቆራርጦና ተበላሽቶ ለቅጽበት የሚደረስበት ቁጥር ነው። ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ ለኪስ ትልቅ ትርጉም አለው። የፋብሪካውም ቴፕ፣ በምትኩ የተገዛውም ቴፕ፣ ሁለቱም በዚያው 14.4 ቮልት የታሰሩ ናቸው። ቴፕ በመቀየር ብቻ ጉልበት አይገኝም።

ጉልበት የሚጨምረው የራሱ የኃይል ክፍል ያለው፣ ቮልቱን ከፍ አድርጎ የሚሠራ የውጭ አምፕሊፋየር ነው። እዚህም ላይ የጆሮን ጠባይ ማወቅ ይበጃል። ዋት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ ይህን የሚለየው በጥቂቱ ነው። ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማን አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ስለዚህ የአምፕሊፋየር ዋና ጥቅሙ ጩኸት መጨመር ሳይሆን ንጽሕና ነው። ከበሮው በድንገት ሲመታ፣ ዘፋኙ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ፣ ትንሹ ቺፕ ተጨናንቆ የሚቆርጠውን ትልቁ ሳይጨነቅ ያሳልፈዋል።

እውነተኛውን ዋት ለማወቅ ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው መለኪያ ነው። የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክስ አምራቾች ማኅበር በ2003 ባወጣው ደንብ መሠረት የሚለካ አምፕሊፋየር ኃይሉ የሚነገረው በ14.4 ቮልት፣ በ4 ኦም፣ ከ1 በመቶ በማይበልጥ የድምፅ መዛባት ነው። በዚህ የተለካ 50 ዋት ካርቶን ላይ በትልቁ ከተጻፈ 500 ዋት ይበልጣል። ሁለተኛው መንገድ ፊውዙን ማየት ነው። ባለ 20 አምፒር ፊውዝ ያለው ማጉያ በ14.4 ቮልት ከባትሪው ሊስብ የሚችለው 288 ዋት ገደማ ነው። ከተሳበው በላይ ማውጣት አይቻልም፤ ሽፋኑ ላይ 1000 ዋት ቢጻፍም ነገሩ አይለወጥም።

ስክሪኑ ከሙዚቃ ሌላ የሚሠራው

ከ1990ዎቹ ወዲህ መኪና ውስጡ ተለወጠ። ቦሽ በ1986 ያስተዋወቀው «ካን» የተባለ የግንኙነት መስመር የመኪናውን ኮምፒዩተሮች በጥቂት ሽቦ እንዲነጋገሩ አደረገ። ቢኤምደብልዩ በ2001 ባወጣው 7 ሲሪዝ ድምፅና ምስል በቀለበት በተዘረጋ የብርሃን ገመድ መተላለፍ ጀመረ። በዚህ ቀለበት ላይ ካሉት መሣሪያዎች አንዱ ከተነቀለ ቀለበቱ ይበጠስና ሁሉም ዝም ይላል።

ቴፑም በዚህ መሃል ቴፕ ብቻ መሆኑ ቀረ። በብዙ ዘመናዊ መኪኖች የፍሬቻው «ጠቅ ጠቅ»፣ የቀበቶ ማስታወሻውና የበር ማስጠንቀቂያው የሚወጡት በሙዚቃው ስፒከር በኩል ነው። የኋላ ካሜራው፣ የማቀዝቀዣው ማዘዣ፣ በመሪው ላይ ያሉት ቁልፎች፣ የመኪናው ልዩ ልዩ ማስተካከያዎች ሁሉ ስክሪኑ ላይ ተሰብስበዋል። አሜሪካ ከግንቦት 2018 ጀምሮ አዲስ የቤት መኪና ሁሉ የኋላ ካሜራ እንዲኖረው በሕግ ስታዝ ስክሪኑ ቅንጦት መሆኑ ቀርቶ የደኅንነት ዕቃ ሆነ። አንዳንድ መኪኖች ደግሞ በጣሪያው ውስጥ በተደበቁ ማይክሮፎኖች የሞተሩን ጉርምርምታ ሰምተው ተቃራኒ ድምፅ በስፒከሮቹ በመልቀቅ ያጠፉታል። እንዲህ ባለ መኪና ውስጥ ጠንካራ ሳብውፈር (የቤዝ ስፒከር) ሲጨመር ሥርዓቱ ሙዚቃውን ከሞተር ድምፅ ጋር እያምታታ ሊያጉረመርም ይችላል።

እዚህ ላይ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረት ይሠራል። ስክሪኑን ነቅሎ በሌላ የሚተካ ሰው ማስጠንቀቂያ ድምፆቹን፣ የመሪ ቁልፎቹንና ካሜራውን የሚመልስለት አስማሚ ሞጁል መግዛት ይኖርበታል። ሞጁሉ ለመኪናው ካልተገኘ ወይም ገጣሚው ካላወቀበት በዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል፣ ባትሪው ቆሞ ያልቃል፣ ሌላም ሌላም ይከተላል። ይህ ሁሉ ወጪ ተደርጎ ስፒከሮቹ እዚያው የቀሩ ስለሆነ ድምፁ ብዙም ላይለወጥ ይችላል።

የስልክ ነገር ግን ለብቻው መታየት አለበት። አፕል ካርፕሌይ በ2014፣ አንድሮይድ አውቶ በ2015 ከመጡ ወዲህ የስልኩን ካርታ፣ ጥሪና ሙዚቃ በመኪናው ስክሪን መጠቀም ተችሏል። ከዚያ በፊት የተሠራ፣ ቀዳዳው በመለኪያው ልክ የሆነ መኪና ላለው ሰው አዲስ ቴፕ ማስገባት እስከ ዛሬ ከሁሉ የሚያዋጣ ለውጥ ነው። እጁ ከስልክ ይላቀቃል፣ ዓይኑ ከመንገዱ ሳይርቅ ካርታ ያያል። በአዳዲሶቹ ላይ ደግሞ ሌላ ጭንቀት መጥቷል። ጄኔራል ሞተርስ በ2023 ወደፊት የሚያወጣቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ካርፕሌይንና አንድሮይድ አውቶን እንደማይዙ አስታወቀ። ባለመኪናው የሚሰማውን በራሱ ስልክ መምረጡ ቀርቶ አምራቹ በሚያስተዳድረው ፕሮግራም ብቻ እንዲያልፍ ማድረግ አሳሳቢ አካሄድ ነው። መኪናውን የገዛ ሰው ስክሪኑንም ገዝቷል፤ ይህ መብት እንዲከበር መጠየቅ የሙዚቃ ወዳጆች ብቻ ጉዳይ አይደለም።

በሩ፣ ስፒከሩ፣ ማስተካከያው

የውጭው ዕቃ እውነተኛ ብልጫ ያለው ከስክሪኑ በኋላ ባለው መንገድ ላይ ነው። ከሁሉ በፊት የሚነሳው በሩ ነው። ስፒከር ወደ ፊት ሲገፋ ከኋላው ያለውን አየር ይስባል። የፊቱና የኋላው አየር ከተገናኙ ይጣፋሉ፤ መጀመሪያ የሚጠፋው ደግሞ ቤዙ ነው። ብዙ የመኪና በር ከውስጥ በኩል ትላልቅ ቀዳዳዎች ያሉትና በስስ ፕላስቲክ የተሸፈነ ቆርቆሮ ስለሆነ፣ ውድ ስፒከር ቢገጠምበት እንኳ ቆዳው እንደ ተቀደደ ከበሮ ነው። ቀዳዳዎቹን ዘግቶ፣ በቆርቆሮው ላይ አሉሚኒየም የለበሰ የቡቲል ጎማ መለጠፍ ያለውን ስፒከር ሳይቀይሩ እንኳ ልዩነቱን ያሰማል። የመንገድ ጩኸትም ይቀንሳል። ሥራው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በበሩ ግርጌ ያሉት የውኃ መውረጃዎች ከተዘጉ በሩ ይዝጋል።

ቀጥሎ ስፒከሩ ይመጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነጥብ እዚህ አለ። የቦስና የመሰሎቹ የፋብሪካ ሥርዓቶች ብዙ ጊዜ 2 ኦም ወይም ከዚያ ያነሱ ስፒከሮችን ይጠቀማሉ። በእነሱ ቦታ ተራ 4 ኦም ስፒከር የተከለ ሰው ከማጉያው የሚያገኘው ኃይል በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳል፤ «አዲስ ስፒከር ገዝቼ ድምፁ ቀነሰ» የሚለው ቅሬታ መነሻው ይህ ነው። ሌላም አለ። ፋብሪካው ማስተካከያውን የሠራው የደካማውን ስፒከር ጉድለት ለመሸፈን ነው። ቀጭኑን ድምፅ ለማውጣት የሚታገለው ስፒከር ወጥቶ ጥሩው ሲገባ ያ ማካካሻ እዚያው ስለሚቆይ ትዊተሩ፣ ማለትም የቀጭኑ ድምፅ ስፒከር፣ ይጮሃል።

ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ ዲጂታል የድምፅ ማስተካከያ ነው። ይህ ትንሽ ሣጥን ከፋብሪካው ቴፕ ወይም ማጉያ የሚወጣውን ድምፅ ይቀበላል፣ ፋብሪካው የቆረጠውን ይመልሳል፣ ለእያንዳንዱ ስፒከር የሚገባውን ክፍል ያካፍላል። ትልቁ ሥራው ግን ጊዜን ማስተካከል ነው። ድምፅ በአንድ ሚሊ ሰከንድ 34 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይጓዛል። የግራው ስፒከር ከሹፌሩ በ1 ሜትር፣ የቀኙ በ1 ሜትር ከ40 ርቀት ላይ ቢሆኑ የግራው ከአንድ ሚሊ ሰከንድ በላይ ይቀድማል፤ ጆሮም ዘፋኙ እግር ሥር እንዳለ አድርጎ ይሰማል። ማስተካከያው የቅርቡን በዚያው ልክ ሲያዘገየው ድምፃዊው ከዳሽቦርዱ መሃል ከፍ ብሎ የቆመ ይመስላል። ማንኛውም ዋት ይህን አያመጣም። ስክሪኑ ሳይነቀል፣ የፍሬቻው ድምፅና ካሜራው ሳይነኩ ይህን ማግኘት መቻሉ የዘመኑ ትልቁ መልካም ዜና ነው።

ሳብውፈር የመጨረሻው ነው። ትንሽም ቢሆን በልኩ የተስተካከለ ሳብውፈር የበሩን ስፒከር ከከባዱ ሥራ ስለሚገላግለው መካከለኛው ድምፅ ይጠራል። ለመፈተሻ የሚሆነውም የምናውቀው ሙዚቃ ነው። በገና ተጫውቶ የአውታሩ ወፍራም ድምፅ ከእንዚራው ንዝረት ጋር ተለይቶ ከተሰማ ታችኛውና መካከለኛው ልክ ናቸው። የክራር ምት ሳይደፈርስ ከወጣ የላይኛው ደኅና ነው። ቃላቱ ያለ ትግል ከተሰሙ ሥራው በአብዛኛው ተሳክቷል። ምንጩ ግን ንጹሕ መሆን አለበት፤ ከስልክ ስልክ እየተላከ ደጋግሞ የተጨመቀ ዘፈን በፍላሽ ተጭኖ ሲመጣ ምንም ዓይነት ዕቃ አያድሰውም።

በእኛ መንገድ ላይ

በኢትዮጵያ ጥያቄው የራሱ መልክ አለው፤ መኪናው ለሌላ አገር ገበያ የተሠራ ሊሆን ይችላልና። ለጃፓን ገበያ የተሠራ መኪና ሬዲዮው በጃፓን የኤፍኤም መስመር ላይ ነው። ይህ መስመር ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ሲሆን ኋላም እስከ 95 ተዘርግቷል። ኤፍኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1 እና አፍሮ 105.3 ሁሉም ከዚያ በላይ ናቸው። እንዲህ ያለውን መኪና የገዛ ሰው ሬዲዮው ጤነኛ ሆኖ ሳለ እነዚህን ጣቢያዎች አይሰማም።

ርካሹ መፍትሔ ኮንቨርተር የሚባለው ትንሽ ዕቃ ነው፤ በአንቴናው መስመር ላይ ገብቶ ሞገዱን በተወሰነ ቁጥር ዝቅ ያደርጋል። 20 ሜጋኸርዝ ዝቅ በሚያደርግ ኮንቨርተር ሸገር በ82.1፣ ኤፍኤም አዲስ በ77.1 ላይ ይገኛሉ። ከ96 በታች ያሉት ጣቢያዎች ግን ይቀራሉ፤ ርካሽ ኮንቨርተር ሹክሹክታም ይጨምራል። ይህ የፋብሪካውን ቴፕ ለመቀየር ሙሉ ምክንያት ከሚሆኑት ጉዳዮች አንዱ ነው፤ ጃፓንኛ ብቻ የሚናገር ካርታና ምናሌ ሲታከልበት ደግሞ የበለጠ።

ለለውጥ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ የአንድሮይድ ስክሪን ነው። ጥሩዎቹ ጥሩ ናቸው። በርካሾቹ ላይ ግን መጠንቀቅ ይገባል፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው የሜሞሪ ቁጥር እውነተኛው ላይሆን ይችላል፣ የሬዲዮ መቀበያው ደካማ ነው፣ ሞተር ሲነሳ እስኪከፈት ያስጠብቃል። እየነዱ ቪዲዮ ማየትን የሚፈቅደው አገጣጠም ደግሞ በምንም መልኩ ሊደገፍ አይገባም።

መንግሥት በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ ለቻይና ገበያ የተሠሩ የኤሌክትሪክ መኪኖች መንገዱን እየሞሉ ነው። እዚህ የኤፍኤም ችግር የለም፤ ያለው የቋንቋና የፕሮግራም ችግር ነው። ስክሪኑ በቻይንኛ ይናገራል፣ አፖቹ ከዚያው አገር አገልግሎት ጋር የተሳሰሩ ናቸው። ስክሪኑ ደግሞ የመኪናው ዋና ማዘዣ ስለሆነ ነቅሎ መጣል አይታሰብም፤ መንገዱ ቋንቋውን በሚያውቅ ባለሙያ ማስቀየር ነው። ድምፁን ማሻሻል የሚፈልግ ሰው አምፕሊፋየሩን ከትንሹ 12 ቮልት ባትሪ ላይ እንደሚያስቀጥል ይወቅ። ይህን ባትሪ የሚሞላው ከትልቁ ባትሪ የሚቀንስ መቀየሪያ ነው፤ መቀየሪያው ለከባድ ጭነት ታስቦ ስላልተሠራ ኃይል ቆጣቢ የሆነውን ዲ ክላስ አምፕሊፋየር መምረጥ ይሻላል። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ገመዶች ግን ገዳይ ቮልት የሚያልፍባቸው ናቸው፤ የድምፅ ገጣሚ አጠገባቸው መድረስ የለበትም።

በየትኛውም መኪና ላይ አምፕሊፋየር ሲገጠም ዋናው ሽቦ ከባትሪው በ45 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ፊውዝ ሊኖረው ይገባል። ፊውዙ የሚጠብቀው አምፕሊፋየሩን ብቻ አይደለም፤ ሽቦው ተልጦ ቆርቆሮ ቢነካ መኪናው እንዳይቃጠል ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ ቀጭን ሽቦ የሚዘረጋ ገጣሚ የሚቆጥበው በሰው ሕይወት ላይ ነው።

የጆሮ ነገር

በአዲስ አበባ ከንጋት እስከ ምሽት ታክሲ የሚነዳ፣ በዋሽንግተን አካባቢ ረጅም ሰዓት መሪ ላይ የሚውል ወገናችን ከማንም በላይ ይህ ይመለከተዋል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት ባወጡት መለኪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ማዳመጥ ወሰኑ ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ በ83 ላይ 20 ሰዓት፣ በ86 ላይ 10 ሰዓት፣ በ89 ላይ 5 ሰዓት ብቻ። ከ20 ዋት ወደ 40 መሄድ ማለት ጆሮ በጥቂቱ የሚለየው፣ የተፈቀደውን ሰዓት ግን በግማሽ የሚቆርጥ ለውጥ ማለት ነው።

ሰው ድምፅ የሚጨምረው አብዛኛውን ጊዜ የመንገዱን ጩኸት ለማሸነፍ ነው። የታሸገ በርና ንጹሕ ስፒከር ያለው መኪና ዝቅ ባለ ድምፅም ቃሉንና ዜማውን ያሰማል። ጥሩ ሥራ የሚለካው ከመንገድ ማዶ በሚሰማው ሳይሆን ሹፌሩ ምን ያህል ዝቅ አድርጎ ሊረካ እንደሚችል ነው።

ለየትኛው መኪና ምን?

ነገሩን በመኪናው ዘመን ከፍለን ብናየው መልሱ ይጠራል። ቀዳዳው በመለኪያው ልክ የሆነና ቴፑ ከሌላው አካል ጋር ያልተሳሰረ መኪና ላይ ቴፑን መቀየር ተገቢ ነው፤ ስልክ ይገናኛል፣ ኤፍኤሙ ይስተካከላል፣ ከጥሩ ስም የተገዛ ከሆነ ማስተካከያውም አብሮት ይመጣል። ካሜራና የመሪ ቁልፍ ያለው፣ ግን ቀዳዳው ገና የሚገኝ መኪና ላይ የሚወስነው አስማሚው ሞጁል ነው፤ ሞጁሉ ተገኝቶ ገጣሚው ከዚህ በፊት በዚያው ሞዴል ላይ የሠራ ከሆነ ይቀየር፣ ካልሆነ ይቆይ። ስክሪኑ ማቀዝቀዣውንም ማስጠንቀቂያውንም የያዘ አዲስ መኪና ላይ ግን ስክሪኑ ይቆይ፤ በሩ ይታሸግ፣ ስፒከሩ በኦሙ ልክ ይመረጥ፣ ማስተካከያና አምፕሊፋየር ይታከል፣ ፍላጎት ካለ ሳብውፈር ይጨመር፤ በዚሁ ቅደም ተከተል። ውድ የፋብሪካ ሥርዓት ይዞ የመጣ መኪና ደግሞ በሩ ከመታሸጉ በቀር ምንም ላያስፈልገው ይችላል።

አሜሪካ ያሉ አንባቢዎች አንድ ነገር ይያዙ። በ1975 በወጣው የዋስትና ሕግ መሠረት ሻጩ የውጭ ዕቃ ስለተገጠመ ብቻ የመኪናውን ዋስትና ሊሰርዝ አይችልም፤ ጉዳቱን ያደረሰው ያ ዕቃ መሆኑ መታየት አለበት። ይህ ግን የሚጠቅመው ሥራው በደንብ ለተሠራለት ሰው ነው።

ሙዚቃችንን የሠሩት ሰዎች እያንዳንዷን ምት አስበው፣ እያንዳንዷን ቃል ተጠንቅቀው አስቀምጠዋል። ያንን ድካም ሳይጎድል መስማት ውድ ዕቃ የሚያስፈልገው ነገር አይደለም፤ ትክክለኛው ቦታ ላይ የዋለ መጠነኛ ገንዘብ ይበቃዋል። ስለዚህ ገጣሚ ፊት ስትቆሙ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «ስንት ዋት ነው?» አይሁን። «በሩን ከፍተህ ምን ትሠራለታለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለዚህ መልስ ያለው ባለሙያ ገንዘባችሁ ይገባዋል፤ መልስ የሌለው ከሆነ ኦርጅናላችሁን እንደያዛችሁ ውጡ።